ለጉርድ ፎቶ ናት ያልኳት ሌንስ

ትናንት አዲሱን ካሜራሽን ልታሳዪኝ ካርቶኑን ስትከፍቺ ያ ሽታ ወጣ። የፕላስቲክ፣ የስፖንጅና የአዲስ ማንገቻ ሽታ ተደባልቆ፣ አፍንጫ ውስጥ ትንሽ የሚቆረቁር። አንቺ ስለ ሜጋፒክስሉ ስታወሪ እኔ አልሰማሁሽም። «ጥሩ መርጫለሁ?» ብለሽ ስትጠይቂኝም ወሬ ቀየርኩብሽ። ተቀይመሽ እንደሄድሽ ገብቶኛል። በካሜራ ምርጫ ምክር መስጠት የተውኩበት ምክንያት አለኝ። ዛሬ ልንገርሽ፤ ለኔ ያለሽ ግምት ቢወርድም ይውረድ።

ሃያዎቹን ገና የጀመርን ሁለት የሐረር ልጆች ነበርን። እኔ የአስተማሪ ልጅ ነኝ፤ ፈላና በር አጠገብ በኪራይ ቤት አድጌ፣ ያኔ አንድ ትምህርት ቤት መዝገብ ቤት ውስጥ እሠራ ነበር። ጓደኛዬ የልብስ ሰፊ ልጅ ናት። ጀጎል ውስጥ፣ የስፌት መኪና ድምፅ ከጠዋት እስከ ማታ በማያርፍበት ቀጭን መንገድ ላይ፣ ከአባቷ ጎን ተቀምጣ ትሰፋለች። ከአምስተኛ ክፍል ጀምሮ አንድ ዴስክ ላይ ተቀምጠናል። ዓርብ ዓርብ ቤታቸው ከሄድኩ እናቷ ጾሜን ከኔ በላይ ያስታውሱልኝ ነበር። እኔም በረመዳን እሷ ፊት ውሃ አልጠጣም። እንዲህ ነበርን።

የሁለታችንም ዕብደት ፎቶ ነበር። አንዲት የኪስ ካሜራ ነበረችኝ፤ ለሁለት እንጠቀምባታለን። ቅዳሜ አሥር ሰዓት ሲሆን፣ ፀሐይዋ ጋደል ብላ የኖራ ግድግዳዎቹን ቢጫ ስታደርጋቸው፣ በጠባቦቹ መተላለፊያዎች እንዞራለን። ግድግዳው ገና ቀኑን ሙሉ የያዘውን ሙቀት ይተነፍሳል፤ ከየግቢው የሽንኩርት ጥብስ ሽታ ይመጣል። አንዷን እሷ ታነሳለች፣ አንዷን እኔ። ሰኞ ያነሳነውን ይዘን ዋናው መንገድ ላይ ወዳለው ፎቶ ቤት እንሄዳለን።

የፎቶ ቤቱ ባለቤት በጥቁርና ነጭ ዘመን የጀመሩ፣ ለማሞገስ የሚሰስቱ ሰው ነበሩ። ካሳተምነው ውስጥ አንዷን መርጠው ወደ መንገዱ በሚያሳየው መስታወት ውስጥ ይሰቅሏታል። ሁልጊዜ የሷን ነበር የሚመርጡት። «ይቺስ የማናችሁ ናት?» ይላሉ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው። እሷ አንገቷን ትደፋለች፣ እኔ ፈገግ እላለሁ። ካሜራው የኔ፣ ባትሪውን የምሞላው እኔ፣ መስታወቱ ግን የእሷ። አንድ ቀን ሁለታችንም አንድን ሽማግሌ፣ አንድ ቦታ ላይ ቆመው፣ ተራ በተራ አነሳናቸው። የኔ ውስጥ አንድ ሽማግሌ ቆመዋል። የሷ ውስጥ ሰውየው ሊናገሩ ነው።

ቀናሁ። ሌላ ስም አልሰጠውም። ስትስቅ አስጠላኝ፣ ስታመሰግነኝ ደግሞ ባሰብኝ። ለራሴ ግን አንድ ማጽናኛ አገኘሁለት፤ የሚጎድለኝ ዓይን ሳይሆን ዕቃ ነው አልኩ። ትልቅ ካሜራ፣ ሌንሱ የሚፈታ፣ እውነተኛ ካሜራ ቢኖረኝ አሳያት ነበር።

ከዚያ በኋላ ስምንት ወር ያህል ከሥራ ስወጣ ኢንተርኔት ቤት ተቀመጥኩ። አንድ ገጽ እስኪከፈት ሻይ ይቀዘቅዝ ነበር። ደብተር ይዤ ጻፍኩ፣ ሰረዝኩ፣ አወዳደርኩ። በመጨረሻ የገባኝ ነገር ቀላል ነው። ሜጋፒክስል የሻጭ ወሬ ነው። የዘንድሮውና ያለፈው ዓመት ካሜራ ልዩነታቸው ትንሽ ነው፤ ያለፈውን ገዝቶ የተረፈውን ሌንስ ላይ ማዋል ነው ብልህነት። ከሌንሶቹም አንዲት አጭር፣ ቀላል፣ ማንም የማያያት ሌንስ አለች። አታቀርብም፣ አታርቅም። ዋጋዋ ርካሽ ሆኖ ብርሃን ግን እንደ ልብ ታስገባለች፤ ጨለማ ቤት ውስጥ እንኳ ፊት ጥርት ብሎ ይወጣባታል። ዱባይ የምትመላለስ ነጋዴ ጎረቤታችን ካሜራውንም እሷንም እንድታመጣልኝ አዘዝኳት። ለጓደኛዬ ግን ስለዚያች ሌንስ ትንፍሽ አላልኩም።

አንድ ከሰዓት መዝገብ ቤት ድረስ እየሮጠች መጣች።

«አክስቴ ከጅዳ ካሜራ ልትልክልኝ ነው! ወላሂ ትልቁን! የትኛውን ልበላት?»

የታላቅ እህቷ ሰርግ እየደረሰ ነበር። የሴቶቹ ድግስ የሚሆነው በቤታቸው፣ በጥንቱ የሐረሪ ቤት ውስጥ ነው። ሴቶቹ እዚያ ሻሻቸውን ያወልቃሉ፣ ወርቃቸውን ያደርጋሉ፣ ይዘፍናሉ፤ ወንድ ፎቶ አንሺ አይገባም። ስለዚህ እስከዚያ ድረስ የቤታቸው ሰርግ ሁሉ ያለ ፎቶ ነበር የሚያልፈው። የእናቷ የራሳቸው ሰርግ አንድም ምስል የለውም። እሷ «እኔ አነሳለሁ» ብላ ለእናቷም፣ እናቷ ላሉበት የሴቶች ማኅበር፣ ለአፎቻውም ቃል ሰጥታለች። በየሐዘኑና በየደስታው አብረው የሚቆሙት እነዚያ ሴቶች የፈቀዱት ልጃቸው ስለሆነች ብቻ ነው።

«አቦ፣ አንቺ ነሽ የምታውቂው» አለችኝ። «አንዴ ነው የምትልክልኝ። ከተሳሳትኩ ሌላ የለም።»

ያን ቤት አውቀዋለሁ። ከፍ ዝቅ እያለ የተሠራው፣ ነደባ የሚሉት ቀይ መደብ፣ ግድግዳውን ሞልቶ የተሰቀለው የአለላ ስፌት፣ ብርሃኑ ደግሞ ከበሩ ብቻ። ስምንት ወር ያጠናሁት ለዚያ ቤት ይመስል፣ መልሱ ምላሴ ላይ ነበር።

«ረጅሙን ሌንስ አስልኪ» አልኳት። «ሩቁን የሚያቀርበውን። ሌላውን ሁሉ ተዪው።»

«አጭሯስ? ኢንተርኔት ላይ አንዲት አጭር አይቼ ነበር።»

«እሷ ለጉርድ ፎቶ ናት።»

አመነችኝ። በብጣሽ ወረቀት ላይ ስሙን ጻፍኩላት፤ እንዳትሳሳት ፊደሉን አሳምሬ። ምቀኛ አታሳጣኝ ይላል ያገሬ ሰው። እሷን እግዜር አላሳጣትም፣ አጠገቧ አስቀምጦላት ነበር።

ካሜራዎቻችን በአንድ ወር ልዩነት ደረሱ። የሷን ካርቶን አብረን ነው የከፈትነው። ሰርጉ ሁለት ቀን ቀርቶት ስለነበር፣ የሞከረችው ግቢያቸው ውስጥ በጠራራ ፀሐይ ብቻ ነው፤ ደስ አላት።

በድግሱ ቀን ቤቱ ጢም ብሎ ነበር። ከበሮው ይመታል፣ ሴቶቹ እንጨት እያጋጩ ይዘፍናሉ፤ ሽቶና ላብ፣ የሐር ልብስ ኮሽታ። እሷ መካከል ቆማ ካሜራውን ወደ ሙሽራዋ አነሳች። ያ ረጅም ሌንስ ከዚያ ርቀት የሚያሳየው የእህቷን አፍንጫ ብቻ ነው። ወደ ኋላ ሸሸች፤ ግድግዳው አቆማት። ፍላሹን አበራች፤ ሌንሱ ራሱ በፎቶው ላይ ጥቁር ጥላ ጣለ። ፍላሹን አጠፋች፤ ሁሉም ነገር ተንቀጥቅጦ ድብዝዝ አለ። ስክሪኑን እያየች፣ እንደገና እያነሳች፣ ፊቷ በላብ ሲርስ ከነደባው ጥግ ሆኜ አየኋት። አንዲት አሮጊት «ምነው ልጄ፣ አልወጣንም እንዴ?» ሲሏት ሰማሁ።

እሷ ማንንም አልወቀሰችም። «እጄ ነው የሚንቀጠቀጠው» አለች።

እናቷ ወደኔ ዞሩ። «አንቺስ ልጄ አይደለሽ? በአላህ አንሺልን፣ ሰርጉ ሳይያዝ እንዳያልፍ።»

ትንሿን ሌንሴን ይዤ ተነሳሁ። የልብ ልብ ተሰማኝ፤ እዋሽሻለሁ እንዴ? ሙሽራዋን አነሳሁ፣ እጇን የያዙትን አክስቶቿን አነሳሁ፣ ከበሮ መቺዋን አነሳሁ። የበሩ ብርሃን በፊታቸው ላይ እንደ ቅቤ ተቀብቶ ነበር። እናቷ ሙሽራዋን ሲያቅፏት ያነሳኋትን የምታህል ፎቶ በሕይወቴ ከዚያ በፊትም ሆነ ከዚያ ወዲህ አላነሳሁም። ጓደኛዬ ደግሞ ስለ ሌንሷ ሳትጠይቀኝ የኔን ቦርሳ ይዛ ከኋላዬ ትከተለኝ ነበር።

ሴቶቹ የገለጡትን ፀጉር ለመንገድ ማሳየት ስለማይሆን፣ ፎቶ ቤቱ የሰቀለልኝ ሂና የተቀባውን የሙሽራዋን እጅ ብቻ ነበር። ያቺም ትበቃኝ ነበር። እሷ ሰው እየጎተተች መስታወቱ ፊት ታቆማለች፤ «ማሻአላህ በሉ! ጓደኛዬ ናት ያነሳችው!» ትላለች። በቅናት ብትቃጠልልኝ ድሉ ይጣፍጠኝ ነበር። አልቀናችም። እንደኔ መሆን አልቻለችበትም።

ከዚያ ያንን የማይረባ ሌንስ ይዛ ከከተማው በላይ ወዳለው ተራራ፣ ሐኪም ጋራ ወደሚሉት መውጣት ጀመረች። ቤት ውስጥ የማይሠራላትን ዕቃ ሜዳ ላይ ምን እንደሚያደርግ ለማየት ነው። ከዚያ ላይ ሆና ከሩቅ፣ ማንም ሳያውቃት ታነሳለች። የጀጎል በር ጋ ከአህያዋ ጋር የምትከራከር እንጨት ሻጭ። በአንድ ጃንጥላ ሥር ተጠጋግተው የሚጣሉ ሁለት ሽማግሌዎች። ባለፎቶ ቤቱ የመጀመሪያውን እንዳዩ በራሳቸው ወረቀት በትልቁ አተሙት።

«በምን አነሳሽው?»

«በረጅሙ። እሷ ናት የመረጠችልኝ፣ አላህ ይስጣት» አለች ወደኔ እየጠቆመች።

ሰውየው መነጽራቸውን አወረዱና አዩኝ። የሰርጉን ወሬ ሰምተዋል፣ ሌንስም ያውቃሉ። «ጎበዝ መካሪ ነሽ» አሉኝ። ከዚያ ቀን በኋላ ለብቻዬ እዚያ ፎቶ ቤት ገብቼ አላውቅም።

እሷ ድሬዳዋ ስቱዲዮ ከፈተች፤ ሥራዋን ለማየት ከሩቅ የሚመጣ ሰው አለ። እኔ ካሜራዬን ለአንድ ባልደረባዬ ሸጥኩ። «ባትመርጪልኝ ኖሮ» ትለኛለች በተገናኘን ቁጥር፤ እኔም በተገናኘን ቁጥር ልነግራት እነሳና እተወዋለሁ።

ባለፈው ኢድ እናቷን እንኳን አደረስዎ ልል ሄድኩ። እናቷ አርጅተዋል፣ የማስታወስ ነገር እየከዳቸው ነው። የአፎቻው ሴቶች ነደባው ላይ ተደርድረዋል፣ እሷም ከድሬ መጥታለች። እናቷ የሰርጉን አልበም ጭናቸው ላይ ዘርግተው ለእንግዶቹ አንድ በአንድ ይገልጣሉ። እኔ ያነሳኋቸው፣ በሕይወቴ የምኮራባቸው እነዚያ ብቻ ናቸው።

«እዩልኝ» አሉ። «ይሄን ሁሉ ያነሳችው ይቺ ልጄ ናት። ቃል ገብታልኝ ነበር።»

ጓደኛዬ ደነገጠች። «ኧረ እማ፣ እኔ አይደለሁም፣ ይሄን ያነሳችው…»

«እሷ ናት» አልኩ ቀድሜያት። «እኔ ቦርሳ ነው የያዝኩላት።»

ዞር ብላ አየችኝ። ዓይኔን አላሸሸሁም። ምን እንዳነበበችበት አላውቅም፤ ግን የጀመረችውን ሳትጨርስ ወደ እናቷ ጠጋ አለች።

ያኔም ቅናቱ ተነስቶብኛል፣ አልዋሽሽም። «የኔ ናቸው» የሚለው አፌ ድረስ መጥቶ ነበር። እናቷ ግን መዳፋቸውን በልጃቸው ራስ ላይ አስቀምጠው ነበር። «ያላየሁትን ሰርጌን አሳየሽኝ። አላህ ዓይንሽን አይንሳሽ፣ እጅሽን ያጽናልሽ» አሉ። ሴቶቹ ሁሉ እጃቸውን ዘረጉ።

ያ ምርቃት የኔ ነበር። እኔም እጄን ዘርግቼ አሚን አልኩላት።