ስሙን ያልጻፍኩበት ቅዳሜ

ባለፈው ሐሙስ ቡሬ መናኸሪያው አጠገብ ግድግዳ ላይ የሳምንቱ የሙዚቃ ዝግጅቶች ማስታወቂያ ተለጥፎ አየሁ። ዓርብ የክራር ቡድን፣ እሁድ እስክስታ ይላል። ቅዳሜ ከሰዓት በሚለው ፊት ግን በትልቁ «የማሲንቆው አዲሱ መታሰቢያ» ተብሎ ተጽፏል። አዲሱ ታላቅ ወንድሜ ነው። ክረምት መግቢያ ላይ ታመመ፣ ብዙም ሳይቆይ አረፈ። ሁለት ወጣቶች ቆመው ያነቡ ነበር። አንደኛው፣ «ለእኔ እኮ ከወንድም በላይ ነበር» አለ። አላውቀውም። እሱም አላወቀኝም። አልፌያቸው ሄድኩ፤ ግን ቀናሁ። በሰው ሐዘን ይቀናል? እኔ ቀናሁ።

ቅናቱ የዛሬ አይደለም።

የዛሬ ስምንት ዓመት ፍኖተ ሰላም አሥራ አንደኛ ክፍል ነበርኩ። የወይዘሮ ጥሩወርቅ ጠጅ ቤት ቅዳሜ ቅዳሜ ከገበያ መልስ ይደምቃል። የእጅ ጽሑፌ ያምራል ተብሎ፣ የሳምንቱን ተረኛ ዘፋኞች ስም በየዓርቡ በጠመኔ ሰሌዳ ላይ የምጽፈው እኔ ነበርኩ። ሰሌዳው ባጃጆች በሚቆሙበት በኩል ይሰቀላል። እኔም ክራር እመታ ነበር። የእኔ ቀን ማክሰኞ ነው፤ ማክሰኞ ሰው የለም። ቅዳሜ የአዲሱ ነበር።

የአዲሱ ስም ሩቅ አልሄደም። አልበም አላወጣም፣ ሬዲዮ ላይ አልቀረበም። ግን የእሱ ሰዎች የሚባሉ ነበሩ፦ የነቀምት መንገድ ሾፌሮች፣ የቡሬ እህል ጫኞች፣ ከቋሪት የሚወርዱ ሁለት ሽማግሌዎች። ሰሌዳው ላይ ስሙን ካላዩ አይገቡም። ካዩ በርጩማቸውን አስጠግተው «ተቀበል» እያሉ ግጥም ይሰጡታል፤ እሱም ቃላቸውን ተቀብሎ፣ ከእነሱ አፍ ከወጣው አሳምሮ ይዘፍንላቸዋል። እኔን ማንም ተቀበል ብሎኝ አያውቅም።

ያን ጊዜ መስቀል አልፏል። መንገዱ ከጭቃ እየደረቀ ነው፣ በየማዕዘኑ የበቆሎ እሸት ጥብስ ይሸታል። ያን ዓርብ ቅዳሜ በሚለው ፊት የራሴን ስም ጻፍኩ። ሀብታሙ፣ በክራር። ለወይዘሮ ጥሩወርቅ፣ እናታችንን ስላመማት አዲሱ አይመጣም አልኳቸው። እናታችን ደህና ነበረች።

በማግስቱ አዲሱ እንደ ወትሮው ከቡሬ በሚኒባስ መጣ። ሰሌዳው ፊት ቆሞ አየሁት። ትምህርቱን ከአራተኛ ክፍል ነው ያቋረጠው፣ ማንበብ ግን ይችላል። ሰዎቹ ሊመለሱ ሲሉ፣ ዛሬ የወንድሜ ቀን ነው እያለ አስገባቸው። ወይዘሮ ጥሩወርቅ ስለ እናታችን ሲጠይቁት ወደ እኔ አየት አደረገ።

«ተሽሏታል፣ እግዚአብሔር ይመስገን» አላቸው።

ማሲንቆውን ከከረጢቱ አላወጣም። በርጩማ ስቦ ፊት ለፊቴ ተቀመጠ። ሁለት ዘፈን እንደምንም ተወጣሁ። ሦስተኛው ላይ እጁን አነሳ።

«ተቀበል፣ ሀብትሽ» አለኝ።

የሰጠኝ ግጥም የእናታችንን ትንሽ ልጅ የሚያወድስ ነበር። እኔን ማለት ነው። መቀበል አቃተኝ። ክራሩ ብቻውን ሲሄድ ሰው መሳቅ ጀመረ። አንድ ሾፌር፣ «ምነው ልጄ፣ ቃሉን ከጠጁ ጋር ዋጥኸው?» አለ። ያኔ አዲሱ ከተቀመጠበት፣ ያለ ማሲንቆ፣ በድምፁ ብቻ ተቀበለልኝ። በርጩማዎቹ ሁሉ ወደ እሱ ዞሩ።

ማፈር ነበረብኝ። አፍሬያለሁም። ግን ልዋሽ አልፈልግም፣ ከማፈሬ ይልቅ ቀናሁ። ደግነቱ እንኳ ከእኔ ዘፈን ያምር ነበር።

ወደ መናኸሪያው ስሸኘው፣ ጋሼ ይቅር በለኝ ልለው አፌን ከፈትኩ። እሱ ቀደመኝ።

«የክራርህን ጅማት በጣም ወጥረኸዋል። ላላ አድርገው» አለኝ።

ሚኒባሱ ውስጥ ገባ። ይቅር በለኝ አላልኩትም። ስምንት ዓመት ሙሉ አላልኩም።

ትናንት የመታሰቢያው አዘጋጆች ቤቴ ድረስ መጥተው እንድናገር ጠየቁኝ። ዘፈኖቹን በየስልካቸው ቀድተው ይዘዋል፤ እኔ ሰምቻቸው የማላውቃቸው አሉ። ሲያወሩ ከእኔ በላይ የሚያውቁት ይመስላሉ። እሺ አልኳቸው። ስለዚያች ቅዳሜ ልነግራቸው አስባለሁ። ያን ቀን ጠጅ ቤቱ ውስጥ የነበሩት እንኳ ምን እንዳደረግሁና እሱ እንዴት እንደሸፈነኝ አያውቁም። የምነግራቸው ጥፋቴን ለመናዘዝ ይሁን፣ ወይስ እነሱ የሌላቸው ነገር እንዳለኝ ለማሳየት፣ እኔም አላውቅም። አንዴ ከነገርኳቸው ግን ያቺ ቅዳሜም የእነሱ ትሆናለች።