የኢሊሶኒ መለኪያና የተቀባው ወደብ

ኢሊሶኒ ከትምህርት ቤት ጋር የተለያየው ስድስተኛ ክፍል ላይ ነው፤ ማን ማንን እንደተወ እስካሁን አልተጣራም። ከዚያ ዋና ከተማው ሱቫ ሄዶ መርከብ በሚጠገንበት ግቢ ዝገት ሲፍቅ ኖረ። አንድ ቀን ወደብ የሚመረምሩ ሽማግሌ «ይቺን ገመድ ያዝልኝ» አሉት። ያዘ። አሥራ አንድ ዓመት ያዘ። ሽማግሌው ጡረታ ሲወጡ መለኪያቸውን ትተውለት ሄዱ፤ እሱም ይዟት ወደ ደሴታችን ተመለሰ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ እኛ ደሴት ላይ ኢሊሶኒም ተጨምሮበታል።

መለኪያዋ የምትኖረው የብስኩት ጣሳ ውስጥ ነው። መዳፍ የምታክል ሳጥን ናት፤ ሁለት ሽቦ አላት። አንዱ ሽቦ የወደብ የብረት ምሰሶ ይነክሳል። የሌላው ጫፍ እርሳስ የምታክል ቱቦ ይዞ ምሰሶው አጠገብ ባሕር ውስጥ ይንጠለጠላል። ከዚያ ቁጥር ይመጣል። ስምንት መቶና ከዚያ በላይ ካለ ብረቱ ደህና ነው፤ ከዚያ ከወረደ ጨው እየበላው ነው። ከቁጥሩ ፊት የመቀነስ ምልክት አለች፤ ኢሊሶኒ እሷን በዓይኑ ሰላም ብሎ ያልፋታል።

ኢሊሶኒ አምሳ ሁለት ዓመት በሞላው ጊዜ የአውራጃው ታላቅ አለቃ ደሴታችንን ሊጎበኙ ሆነ። ከመጡ አሥራ ዘጠኝ ዓመት አልፏል። ቅዳሜ ሦስት መቶ ሰው ወደቡ ጫፍ ላይ ምንጣፍ ዘርግቶ ሊቀበላቸው ተወሰነ። የመንደሩ ሹም ኔማኒ «ወደቡን እይልን እስቲ፤ ታየ እንድንል ነው እንጂ ምንም አይሆንም» አሉት።

ባሕሩ ላይ በብረት ምሰሶ የቆመው ወደባችን ከላይ ሲያዩት ሙሽራ ነው። ከአራት ዓመት በፊት፣ ለቤተ ክርስቲያኑ መቶኛ ዓመት፣ ነጭና ሰማያዊ ቀብቶ ያሳመረው ሳቬናካ ነው። ሳቬናካ የኢሊሶኒ የአክስት ልጅ ነው። እኛ ዘንድ ወንድም ወንድሙን አይሰድብም፤ የአክስት ልጅን ግን አለመስደብ ኩርፊያ ነው።

ኢሊሶኒ ባሕሩ ሲሸሽ በታንኳ ከወደቡ ሥር ገባ። ስድስት መቶ አስር። አላመነም። ሽቦው ዝገት ነክሶ ይሆናል ብሎ ብረቱን እስኪያበራ ሞረደውና ደገመ። ስድስት መቶ አሥራ ሁለት። የጫፉን አራት ምሰሶዎች ለካ፤ ሁሉም እንደተማከሩ አንድ ዓይነት መለሱ።

ከዚያ እጁን ውሃ ውስጥ ሰዶ ከምሰሶው ጋር የተበየደውን የዚንክ ጉማጅ ዳበሰ። ጉማጁ የተሰቀለው እንዲያልቅ ነው፤ ባሕሩ እሱን እየበላ ብረቱን እንዲተው። በአራት ዓመት ግማሽ መሆን ነበረበት። ይኼ ግን እንደመጣ ወፍሮ፣ ልስልስ ብሎ ተቀምጧል። በጥፍሩ ጫር አደረገው። ሰማያዊ ቀለም።

ትዝ አለው። ጉማጆቹ ከሱቫ ሲመጡ ሳቬናካ ባሕር ዳር ደርድሮ ሦስት ጊዜ ቀብቷቸው ነበር። «ለበዓል ራቁቱን የሚሄድ የለም» ብሎ። ሁላችንም አመስግነነዋል።

አሁን ይህን ሽማግሌዎች ፊት እንዴት ይበሉት? ሰውን በጉባኤ ጥፋተኛ ማለት ቤቱን ሁሉ ማዋረድ ነው። ዝም ቢል ደግሞ ሦስት መቶ ሰው አለ፤ የገዛ እናቱም ከፊት ነው የሚቀመጡት።

ማታ ሽማግሌዎቹ ተሰብስበው፣ ያንጎና የሚባለው የሥር መጠጥ ተጨምቆ፣ ጽዋው ዞሮ፣ ጭብጨባው ሲያበቃ ኔማኒ ጠየቁ።

«ሳጥኗ ምን አለች?»

«ስድስት መቶ አስር።»

«ብዙ ነው። እግዜር ይመስገን።»

«ለሰው ብዙ ነው ጋሼ። ለብረት ትንሽ ነው።»

ሳቬናካ ሳቀ። «የብስኩት ፍርፋሪ ቆጥራ ይሆናል። የኔ ወደብ ፀሐይ ላይ ዓይን ያጠፋል እኮ።»

ኢሊሶኒ ጽዋውን ጨርሶ አስቀመጠ። «አንተ የአክስቴ ልጅ፣ እንግዳ ጠርቶ የድስቱን ክዳን በሚስማር የሚቸነክር ካንተ በቀር አላየሁም። የባሕሩን ምሳ ሦስት ጊዜ ቀባህበት። ታዲያ ምን ይብላ? አራት ዓመት ይጹም?»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ሳቬናካም ሳቀ፤ ከአክስት ልጅ የመጣን ስድብ አለመሳቅ ነውር ነው።

«ምሰሶዎቹን በላ» አለ ኢሊሶኒ፣ ድምፁን ሳይቀይር።

ሳቁ ከበሩ በኩል እየቀነሰ መጣ።

«ነገ መዶሻ ይዤ እወርዳለሁ» አለ ሳቬናካ። «ምሰሶው እንደ ደህና ብረት ከጮኸ ያቺን ሳጥንህን ሰማያዊ ነው የምቀባት።»

ጠዋት ባሕሩ ሲሸሽ ወረዱ፤ ኔማኒ ከላይ ሆነው ያያሉ። ሳቬናካ ውሃው ዝቅ ሲል በሚደርስበት ቦታ መታ። ዱብ አለ። ሁለተኛውን ሲመታ መዶሻው እስከ እጀታው ገባ። ሲነቅለው ውሃ ተንፎለፎለ፤ ቀጥሎ አንዲት ትንሽ ሸርጣን ወጥታ አየችው።

ሳቬናካ ጣቱን ቀዳዳው ውስጥ ሰዶ አወጣ። ኢሊሶኒ ታንኳዋን ይዞለት ነበር።

«ለሸርጣን ቤት መሥራት የጀመርከው ከመቼ ወዲህ ነው?» አለው ቀስ ብሎ።

«ዝም በል» አለ ሳቬናካ፤ ግን ፈገግ ብሎ ነበር። ከዚያ አንገቱን ቀና አድርጎ ራሱ ተናገረ። «ጋሼ፣ ሰው አይውጣበት። ጥፋቱ የኔ ነው።»

ቅዳሜ ምንጣፉ አሸዋው ላይ ተነጠፈ። ጎልማሶች እስከ ደረታቸው ባሕር ገብተው አለቃውን ከጀልባው በትከሻ ተሸክመው አወጧቸው፤ ወደብ ሳይኖር አያቶቻችን ያደርጉት እንደነበረው። አለቃው ወጉን እንዲህ የጠበቀ ሕዝብ ዘንድሮ አልገጠመኝም አሉ። ማንም አላረማቸውም። ኢሊሶኒ ከኋላ ቆሞ ካሳቫ ይቆርስ ነበር፤ የወደቡ ነገር ባፉ አልዞረም፤ ዛሬም አያነሳውም።

ሳቬናካ በሽቦ ብሩሽ ጉማጆቹን አንድ በአንድ ፈቀፈቀ፤ ሁለት ሳምንት ፈጀበት። የተበሱት ምሰሶዎች ተቀየሩ። ከሦስት ወር በኋላ ኢሊሶኒ ቱቦዋን አወረደ፤ ሳቬናካ ገመዱን ይዞለት ነበር።

«ስንት?»

«ስምንት መቶ ሰባ።»

ሳቬናካ ቁጥሩን ጎንበስ ብሎ አየና ራሱን ነቀነቀ። «ጎበዝ ናት። ታዲያ ትንሽ ቀለም አይገባትም?»

ኢሊሶኒ መለኪያዋን ጣሳዋ ውስጥ ከተተና ክዳኑን ገጥሞ ተቀመጠበት።