ቡልቡላ ላይ የወሰደኝ እንቅልፍ

በዓይኔ ያላየሁትንና ያላሸተትኩትን አልጽፍም። ቡልቡላ የሄድኩትም ለዚሁ ነበር። እዚያ የአሥራ ሁለት ቤቶች የመጸዳጃና የማድቤት ፍሳሽ በአንድ ግቢ ውስጥ ይጣራል። ጎረቤቶች ግን «ይሸታል፣ ይፍረስ» ብለው ለሄድኩበት ቀን ከሰዓት እዚያው ግቢ ስብሰባ ጠርተዋል። ማጣሪያውን በእጃቸው የሠሩት ጋሽ ሰይድ በር ላይ ተቀበሉኝ።

«ማጣሪያው የት ነው?» አልኳቸው።

«ትደርስበታለህ። መጀመሪያ አረፍ በል» ብለው ፓፓያው ሥር፣ ቀይ ጠጠር በተደለደለበት ቦታ ሰሌን ዘረጉልኝ።

ጋደም አልኩ። ከየት እንደሆነ ያልለየሁት ውኃ ጠብ ጠብ ይላል። የፓፓያው ቅጠል ፀሐይዋን ይሸፍናታል፣ መልሶ ይገልጣታል። ጠጠሩ ከነሰሌኑ ቀስ ብሎ ወደ ላንጋኖ የሚንሳፈፍ መሰለኝ፤ እኔም ዝም ብዬ አብሬው ሄድኩ።

ስነቃ የሴት ሻርፕ ለብሻለሁ። ሰዎች ከበውኛል።

«አካም፣ ጋዜጠኛው! እንቅልፍ ጠገብክ?» አሉኝ የሻርፑ ባለቤት። ማጣሪያው ይፍረስ ብለው ፊርማ ያሰባሰቡት አዴ ጫልቱ ነበሩ።

አፈርኩ። «ስብሰባው አመለጠኝ?»

«አለቀ እኮ! አይፈርስም ብለናል። ቢሸት ኖሮ እንዲህ ታንኮራፋ ነበር?»

«እኔ እኮ ማጣሪያውን ገና አላየሁትም» አልኩ።

ሁሉም ሳቁ። ጋሽ ሰይድ ጎንበስ ብለው የሰሌኑን ጫፍ ገለጡና ጠጠሩን መታ መታ አደረጉት።

«ሁለት ሰዓት ሙሉ የተኛህበት ምን መሰለህ?»