በመስታወቱ ላይ የተለጠፈው ስም

ጥሩሐረግ ቢምረው ዓለምነህ፤ ዕድሜ አርባ ስድስት። በ2001 ዓ.ም. ሰቆጣ ከተማ ውስጥ ስለ መጽሐፍ የሚጨነቅ ሰው ይህን ስም ሳይጠራ አያልፍም ነበር። አማርኛ ማስተማር ከጀመረች ሃያ ዓመት አልፏታል። ተማሪዎቿ ሐኪም፣ ዳኛ፣ ቄስና ነጋዴ ሆነዋል፤ መንገድ ላይ ሲያገኟት በመጀመሪያ ጤንነቷን፣ ቀጥለውም «ምን ላንብብ?» ብለው ይጠይቋታል።

ይህ ክብር በስጦታ የተገኘ አልነበረም። የተወለደችው ከጽጽቃ ወዲያ ባለች ገጠር ሲሆን በቤታቸው የሚነገረው ኽምጠኛ ብቻ ነበር። አማርኛን በወጉ የሰማችው ትምህርት ቤት ገብታ ነው። ለሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ሰቆጣ ስትመጣ የከተማው ልጆች አነጋገሯን እያስመሰሉ ይሥቁባት ነበር። እሷ በእጇ የገባውን ሁሉ አነበበች። ሦስት ዓመት ሳይሞላ የሣቁባት ልጆች ድርሰታቸውን እንድታርምላቸው ደጅ ይጠኗት ጀመር። ከዚያ ወዲህ አማርኛ ለእሷ አፍ የፈታችበት ቋንቋ ሳይሆን ተሟግታ የረታችው ርስት ሆነ። ርስቷን ደግሞ ለማንም የምታካፍል ሴት አልነበረችም።

መጽሐፍ አውሳ ሲመለስላት «ወደድከው?» ብላ አትጠይቅም። «አንድ ገጽ ጣል ብትባል የቱን ትጥል ነበር?» ትላለች። «የቱንም» ብሎ የሚመልስ፣ በእሷ ፍርድ፣ ወይ መጽሐፉን አላነበበውም ወይ ደራሲውን ፈርቷል።

ከእሷ ቀጥሎ እያንዳንዱን መጽሐፍ የምታነበው ዝናሽ ቅጣው ነበረች። ዝናሽ በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ናት፤ የከተማው ልጅ፣ ሣቂታ፣ በሄደችበት ሁሉ ወንበር የሚለቀቅላት። ወዳጅነታቸው የጀመረው በ1986 ዓ.ም. ነው። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ቁልቁለቱን ቀስ ብለው እየወረዱ ስላነበቡት ይጨዋወታሉ። ጥሩሐረግ ትናገራለች፤ ዝናሽ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ታዳምጣለች። ይህ ሥርዓት ለአሥራ አራት ዓመት አልተናጋም።

ያናጋው የሰልማ ሱቅ ነው። ሰልማ ከነጋዴ ቤተሰብ የተወለደች፣ ጥሩሐረግ ያስተማረቻት ወጣት ስትሆን፣ በመናኸሪያው ፊት ለፊት ፎቶ ኮፒና ኢንተርኔት ቤት ከፈተች። መስመሩ የሚመጣው በስልክ ነው፤ አንድ ገጽ እስኪከፈት አንድ ብርጭቆ ሻይ ተጠጥቶ ያልቃል። በዚያው ሰሞን እዚህ ተወልደው በሥራ ምክንያት በየከተማው የተበተኑ ሰዎች «የዋግ ልጆች መድረክ» የሚል የመወያያ ገጽ በኢንተርኔት አቋቋሙ። በየወሩ አንድ አባል አንድ መጽሐፍ ይጠቁማል፤ ሌሎቹ አንብበው አስተያየታቸውን ይጽፋሉ። ኮምፒውተር የሚነካ ሰው ጥቂት ስለ ነበር ሰልማ ጽሑፎቹን እያተመች በሱቋ የመስታወት በር ላይ ትለጥፋቸዋለች፤ የወልዲያን አውቶቡስ የሚጠብቅ መንገደኛ ቆሞ ያነባል። በሰቆጣ የመድረኩ አባላት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው፤ የመስታወቱ አንባቢ ግን ከተማው ሁሉ ነበር።

ዝናሽ በመሥሪያ ቤቷ ኮምፒውተር ስለ ሠለጠነች ቀድማ ተመዘገበች። ጥሩሐረግ ይህን በጆሮዋ ሰምታለች፤ ቁም ነገር አድርጋ አልያዘችውም። አንድ ረቡዕ ግን የፈተና ወረቀት ልታባዛ ሄዳ፣ ማሽኑ እስኪሞቅ ድረስ ዓይኗን ወደ መስታወቱ ጣል አደረገች።

ዝናሽ የጠቆመችው መጽሐፍ ስለ አንዲት ባልቴትና ስለ ወንድሟ ሙግት የሚተርክ ልቦለድ ነው። ከዓመታት በፊት ያዋሰቻት ጥሩሐረግ ናት። «ደራሲው ለባልቴቷ አያዝንላትም፤ እኛ የምናዝንላት ለዚህ ነው» ይላል ጽሑፉ። ጥሩሐረግ ይህን የተናገረችበትን ቦታ፣ የቁልቁለቱን መታጠፊያ ጭምር አስታወሰች። መጨረሻው ላይ ደግሞ «አንድ ገጽ ጣሉ ብትባሉ የቱን ትጥላላችሁ?» የሚል ጥያቄ ተቀምጧል። ከሥሩ የአባላቱ ምላሽ ተደርድሯል። «እኅታችን ዝናሽ፣ እንዲህ ያለ አንባቢ ሰቆጣ ውስጥ መኖሩን አናውቅም ነበር» ይላል አንዱ። የጻፈው ሰው ስሙን አስፍሯል፤ ጥሩሐረግ ዘጠነኛ ክፍል ያስተማረችው ልጅ ነው።

«ቲቸር፣ አነበቡት?» አለች ሰልማ፣ ወረቀቱን እያስተካከለች። «ከአዲስ አበባ፣ ከጎንደር ሳይቀር እያመሰገኗት ነው።»

«ፊደል አጣጣሏ ንጹሕ ነው።»

«ሐሳቡስ?»

«ሐሳቡን አውቀዋለሁ።»

«ለእርስዎም አድራሻ ልክፈትልዎት እንዴ? እርስዎ ቢጽፉማ የሚችልዎት የለም።»

«እኔ የማነጋግረው ሰው እዚሁ ሰቆጣ ነው ያለው» አለች ጥሩሐረግ። «ይልቅ አባዢልኝ፤ ክፍል አለብኝ።»

ቅናት በእሷ ዕድሜና በእሷ ማዕረግ የሚያሳፍር መሆኑን ታውቅ ነበር፤ ማወቋ ግን አላቀለለላትም። መድረኩ ጥቆማውን ለዝናሽ ደጋግሞ ሰጣት፤ ጥሩሐረግም በየወሩ የሚባዛ ወረቀት አታጣም ነበር። የዝናሽን ጽሑፍ መስታወቱ ላይ በቆመችበት በሐሳቧ ቀይ እስክሪብቶ ታርማለች። አንድ ቀን አራት ነጥብ የጎደለው ዓረፍተ ነገር አገኘች፤ ቀኑን ሙሉ ደስ ሲላት ዋለ። እሑድ ቁልቁለቱን ሲወርዱ ንግግሯን አሳጠረች። የሰነዘረችው አስተያየት ሁሉ በሳምንቱ መስታወቱ ላይ ወጥቶ እንዳታገኘው ፈርታ፣ ጥሩ ጥሩውን ለራሷ ማስቀረት ያዘች። ዝናሽ ስትሥቅ እንኳ «ይህን ሣቅ ነው የወደዱት» ትላለች በልቧ።

ከሁሉ ያመማት ግን የመምህራን ማረፊያ ክፍል ውስጥ የሒሳብ መምህሩ ጓንጉል፣ ክፋት በሌለው አንደበት የተናገረው ነው።

«ጥሩዬ፣ ዝናሽ የዚህን ወር ምን ጠቆመች?»

«እሷን አትጠይቃትም?»

«መስታወቱ ጋ ሰው በዝቶ ነው። ደሞ አንቺ ጓደኛዋ ነሽ፤ ቀድማ ሳትነግርሽ አትቀርም።»

ለሃያ ዓመት ሰው የእሷን ፍርድ ሲጠይቅ ኖሯል። አሁን የዝናሽ ጓደኛ ሆናለች።

በሚያዝያ ወር መድረኩ አንድ ውሳኔ አሳለፈ። አባላቱ አዋጥተው ለከተማው የንባብ ቤት አርባ ቅጂ መጽሐፍ ሊልኩ ነው፤ ሁሉም አንድ ዓይነት፣ ከተማው በአንድ ላይ እንዲያነበው። መርጦ የማቅረቡ ኃላፊነት ለዝናሽ ተሰጠ። እሑድ ከሰዓት በኋላ ዝናሽ የጥሩሐረግን በር አንኳኳች።

«ነይ ግቢ። ዛሬ ምን እግር ጣለሽ?»

«ጭንቅ ነው የጣለኝ። አርባ መጽሐፍ፣ ጥሩዬ! አንድ ቢሆን እኮ ቢሳሳቱም አንድ ነው።»

«ታዲያ አንቺ ምሁር ሆነሻል፤ ምረጪ።»

«አታሹፊብኝ።»

ጥሩሐረግ የሚመረጠውን መጽሐፍ ገና ስትሰማ አውቃዋለች። ስለ አንድ የጠፋ በሬና ስለ ሁለት ጎረቤታሞች የሚናገር ቀጭን ልቦለድ ነው፤ ከላይኛው መደርደሪያ ላይ ቆሟል፤ አንድ ገጽ እንኳ የሚጣል አላገኘችበትም። እጇን ልታነሣ ስትል ዝናሽ ከወንበሩ ሆና ቀጠለች።

«አንቺ ብቻ ንገሪኝ። አሳምሬ መጻፉን ለእኔ ተዪው።»

ጥሩሐረግ እጇን መለሰች። ጎንበስ ብላ ከታችኛው መደርደሪያ፣ ከሌሎቹ ጀርባ፣ አንድ ወፍራም መጽሐፍ አወጣች። ባለታሪኳ ሁለት ጊዜ ዓይኗ ጠፍቶ ሁለት ጊዜ ይበራላታል። ሞተ የተባለ ሀብታም አጎት በሠርጓ ዕለት ይደርሳል። ሐኪሙ በአልጋዋ ራስጌ ቆሞ አራት ገጽ ሙሉ ስለ ሀገር ፍቅር ይናገራል። ጥሩሐረግ አንድ ጊዜ አንብባ ደግማ ልታየው ያልፈለገችው ነው።

«ይህ ነው» አለች።

ዝናሽ ሽፋኑን አገላብጣ አየችው። «ከዚህ በፊት አሳይተሽኝ ይሆን?»

«አይመስለኝም።»

«ወፍራም ነው። ማክሰኞ ጠዋት መላክ አለብኝ እኮ።»

«ዛሬና ነገ አለልሽ፤ አንብቢው። ሰውን የሚይዝ ነው፤ በተለይ መጨረሻው።»

ስለ መጽሐፍ ዋሽታ አታውቅም። ቃሉ ከአፏ ሲወጣ እንዴት እንደ ቀለላት ገርሟት ቀረ። ዝናሽ መጽሐፉን በነጠላዋ ጠቅልላ ስትሄድ በመስኮት ተከተለቻት፤ ባጃጅ አስቁማ ገባች፤ መጽሐፉን ጭኗ ላይ አስቀመጠች።

ሐሙስ ዕለት ጥሩሐረግ የሚባዛ ወረቀት ሳትይዝ ወደ መናኸሪያው ወረደች። በሩ ላይ ሰው ተሰብስቧል። ሲያዩዋት መንገድ ለቀቁላት፤ አንድ ሽማግሌ ቆባቸውን አነሡላት። ጽሑፉ እንዲህ ይል ነበር፦

«ይህን መጽሐፍ የመረጥኩት እኔ አይደለሁም። እስካሁን የጠቆምኳችሁንም ሁሉ ቀድማ አንብባ፣ ምን ማየት እንዳለብኝ ያሳየችኝ መምህርት ጥሩሐረግ ቢምረው ናት። የወደዳችሁት ጥያቄም የእሷ ነው። ስለ አርባው መጽሐፍ የእሷ ፍርድ ይበቃኛል፤ የራሴን ቃል አልጨምርበትም።»

«ቲቸር፣ እንኳን ደስ ያለዎት» አለች ሰልማ። «ምላሹ ገና እየገባ ነው። ተማሪዎችዎ ሁሉ እየጻፉ ነው።»

ጥሩሐረግ አንድ ዓመት ሙሉ የተመኘችው ስም ፊት ለፊቷ ነበር፤ በትልቅ ፊደል፣ ያለ አንዲት የፊደል ስሕተት። ለሰልማ «ይህ ጽሑፍ ይነሣ፤ መጽሐፉ በስሕተት የተመረጠ ነው» ማለት ትችል ነበር። ግን ምክንያቱን ትጠየቃለች። «አመሰግናለሁ» ብላ ዳገቱን ወጣች።

መጽሐፎቹ በግንቦት በወልዲያ አውቶቡስ ደረሱ። አንዳንዱ አንብቦ አለቀሰ፤ መጥቶም እጇን ጨበጣት፤ ይህ ከሁሉ ይብስባት ነበር። ሌላው ከልቡ ግራ ገባው። ጥሩሐረግ የመረጠችው ስለ ሆነ ጉድለቱን በራሱ ላይ ያየ ሰውም ነበር፤ አንድ ዲያቆን ሁለት ጊዜ አንብቦ ምሥጢሩ እንዳልተገለጠለት ነገራት። ጓንጉል ግን የሒሳብ ሰው ነውና አልፈራትም።

«ጥሩዬ፣ ይቺ ሴትዮ ስንቴ ነው የምትታወረው?»

«ሁለቴ።»

«እኔ ሦስተኛውን እየጠበቅሁ ነው የጨረስኩት።» ክፍሉ በሣቅ ሞላ። «ደሞ የቱን ገጽ ትጥላለህ ብለሽ እንዳትጠይቂኝ። የቱን አስቀራለሁ ብዬ ነው የተቸገርኩት።»

ከዚያ በኋላ የመጽሐፍ ምክር የሚጠይቃት ሰው መልሷን ከሰማ በኋላ ትንሽ ዝም ማለት ጀመረ። ፍርዷን የሚመዝን ዝምታ ነበር። ሃያ ዓመት እንዲህ ያለ ዝምታ ገጥሟት አያውቅም።

ሁለት እሑድ ራሷን አሟት ቀረች፤ በሦስተኛው ከዝናሽ ጋር ቁልቁለቱን ወረዱ። ዝናሽ እንደ ወትሮዋ ትሥቃለች፤ ስለ ጤፍ ዋጋ፣ ስለ እኅቷ ልጅ ሠርግ ታወራለች። ጥሩሐረግ ልትጠይቃት የፈለገችው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ እሱን መጠየቅ ግን ራስን አሳልፎ መስጠት ነው። ዙሪያውን ዞረች።

«ስሜን ለምን ጻፍሽው? መጀመሪያ ላይ ስምሽን ልጻፍ ስትይኝ፣ ኮምፒውተር ላይ አታውጪኝ ብዬሽ ነበር።»

ረስታው የኖረችውን ይህን ራሷ አስታወሰችው፤ ያስታወሰችውም እየተናገረችው ነው።

«ብለሽኛል» አለች ዝናሽ። «የሌሎቹን እሺ ብዬሽ ዝም አልኩ። ይሄኛውን ግን የእኔ ነው ማለት አልሆነልኝም።»

«ለምን ይሄኛውን?»

ዝናሽ ነጠላዋን አፏ ላይ መልሳ አደረገች። «አርባ ነው እኮ፣ ጥሩዬ።»

ዓይኗ ከወትሮው የተለየ ነገር አላሳየም። ጥሩሐረግ ጎን ለጎን እየሄደች አዲስ ቅናት ሲያድርባት ተሰማት። የፊተኛው በዝናሽ ዝና ነበር። የአሁኑ ግን በዝናሽ ልብ ነው፤ ቂም ይሁን ቸርነት ባልለየላት፣ ብቻ ከእሷ ልብ በሰፋው።

መድረኩ የሐምሌን መጽሐፍ ጥሩሐረግ ራሷ እንድትጠቁም ጋበዛት። ሰልማ አድራሻ ከፈተችላት። ስለ ጠፋው በሬ የሚናገረው ቀጭን መጽሐፍ በእጇ ነበር። አንዳንዶች «አሁንም እሷ?» ማለታቸውን ሰምታለች፤ ዝናሽ «አምናታለሁ» ማለቷንም ሰምታለች። ነጩ ገጽ ተከፍቶ መስመሩ ሳይቋረጥ ቆየ፤ እሷ ግን አንድ ፊደል አልነካችም። መጀመሪያ ማወቅ የፈለገችው ከዚያ እሑድ እስከ ማክሰኞ ስለ ነበሩት ሁለት ቀናት ነበር፤ ማወቁንም ፈራችው። ዝናሽ ወፍራሙን መጽሐፍ አንብባ፣ የተዘጋጀላትን ተረድታ፣ በደሉን ወደ ባለቤቱ መልሳው ይሆናል፤ ወይም ጨርሶ ሳትገልጠው በወዳጇ ቃል ብቻ ተማምና ጥቆማውን ልካ ይሆናል። አንባቢ ሆይ፣ ከሁለቱ አንዱን ለጥሩሐረግ የመንገር ሥልጣን ቢሰጥህ፣ የትኛው እውነት ቢሆን ይሻላታል ትላለህ?