ለእጄ የሚሆን ሽጉጥ

ሽጉጥ ልገዛ እንደሆነ ለታላቅ ወንድሜ ስነግረው ለምን ብሎ አልጠየቀኝም። ዳላስ ውስጥ ሃያ ዓመት መኪና ሲነዳ የኖረ ሰው ነው፤ በቀጥታ ወደ ምክሩ ገባ። «ትንሿን ግዢ። ሴት ነሽ፣ እጅሽም ትንሽ ነው። ኪስ ውስጥ የምትገባዋን» አለኝ። እሱ ራሱ በዕድሜው ሽጉጥ ጨብጦ አያውቅም። ይህን ባስታውሰው «ማየት አይበቃም?» ብሎ ተቆጣ። በእኛ ሰው ዘንድ ለመምከር ማወቅ ግዴታ አይደለም፤ መውደድ ይበቃል። እሱ ደግሞ ይወደኛል።

ምክንያቴ አጭር ነበር። ሥራዬ ሆስፒታል ውስጥ ደም መቅዳት ነው። ዶክተሮቹ ጠዋት ሲገቡ ውጤቱ እንዲደርስላቸው እኔ ገና ሳይነጋ ሜስኪት ካለው አፓርታማዬ እወጣለሁ። አንድ ቀን አንድ ሰው መኪናዬን ተደግፎ ቆሞ አገኘሁት። ሰዓት ጠየቀኝ፣ ነገርኩት፣ ሄደ። በቃ፣ ይኸው ነው። ከማግስቱ ጀምሮ ግን ከቤቴ በር እስከ መኪናዬ ያለውን ሠላሳ እርምጃ ቁልፌን በጣቶቼ መሃል ሰክቼ መሮጥ ጀመርኩ። የመጀመሪያው በሽተኛ አልጋ አጠገብ ስደርስ እንኳ ልቤ አልተመለሰም። ሥራውን መተው አልፈልግም፤ እየፈሩ መሥራትም አልቻልኩም። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል፤ እኔን ግን መጠርጠሩ ራሱ እየመነጠረኝ ነበር።

ደግሞም እውነቱን ልናገርና፣ ነገሩን ለማወቅ ጓጉቼ ነበር። የማላውቀው ዕቃ ፊቴ ከቀረበ ውስጡን ሳላይ አላርፍም። የመድኃኒት ካርቶን ውስጥ ተጣጥፋ የምትመጣውን፣ ማንም የማያነባትን ወረቀት እስከ መጨረሻዋ መስመር የማነብ ሰው ነኝ። ስለዚህ አንድ ቅዳሜ ብቻዬን ካሮልተን ወዳለ የመሣሪያ መደብር ሄድኩ።

መደብሩ ከውጭ ሲያዩት የጠበቅኩትን ያህል አያስፈራም። ሽጉጦቹ መስታወት ሥር በተርታ ተደርድረዋል፤ መነጽር ቤት የገባሁ ነው የመሰለኝ። ከመስታወቱ ወዲያ ያገኘኋት ሻጭ ስድሳን ያለፈች፣ መነጽሯን በገመድ አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች ፈረንጅ ናት። ምን ልርዳሽ ስትለኝ ምንም እንደማላውቅና ብዙ እንደምጠይቅ ነገርኳት። በርጩማዋን ሳብ አድርጋ ተቀመጠች።

መጀመሪያ የጠየቅኳት «ግማሽ አውቶማቲክ» የሚሉት ለምን ግማሽ እንደሆነ ነው። ጥይቶቹ መያዣው ውስጥ በሚገባ ካዝና አንዱ ባንዱ ላይ ተደራርበው እንደሚቀመጡ አሳየችኝ። ቃታውን ስትስቢ አንድ ጥይት ይተኮሳል፤ መሣሪያው ራሱ ቀለሁን አውጥቶ ይጥልና ቀጣዩን ያጎርሳል፤ ለሚቀጥለው ግን እንደገና መሳብ አለብሽ አለችኝ። ግማሹ የእሱ ሥራ፣ ግማሹ የእኔ ማለት ነው። መልሱ አረካኝና ትንሿን እንድታሳየኝ ጠየቅኳት።

ከፍታ ባዶ መሆኗን አየች፣ ለእኔም አሳየችኝ። ከዚያ ዘግታ ሰጠችኝና «አሁን አንቺ ከፍተሽ እዪ» አለች። አሁን አሳየሽኝ አይደል ስላት «እኔን አትመኚ» አለችኝ። ይህን ወደድኩት። እኔም ነርሷ የበሽተኛውን ስም ብትነግረኝም ስሙ የተጻፈበትን የእጁን ማሰሪያ በዓይኔ ሳላነብ መርፌ አላነሳም።

ለመክፈት ግን ማቀባበል ያስፈልጋል፤ ማለትም የላይኛውን ብረት ይዞ ወደ ኋላ መሳብ። ሳብኩ። አልመጣም። አጥብቄ ሳብኩ፤ ጥፍሬ ተሰበረ እንጂ ብረቱ አልነቃነቅ አለ። ጎናችን የቆመ ሰውዬ አየት አድርጎኝ ፊቱን አዞረ። ጾም ነውና አቅም የለኝም ልል አስቤ ነበር፤ ፍስክ ነው።

ሴትዮዋ ስቃ «አንቺ አይደለሽም፣ እሷ ናት» አለች። ሽጉጡ ባነሰ ቁጥር ውስጡ ያለው ጥምዝምዝ ሽቦ እንዲጠነክር ተደርጎ እንደሚሠራ፣ ሲተኮስም ቀላል ስለሆነ አብዝቶ እንደሚራገጥ አስረዳችኝ። ታዲያ የሴት ነው የሚሉት ጉልበተኛ የሚፈልገውን ነው? ለምን እንደዚያ እንደሚሉ ጠየቅኳት። «ብዙውን ጊዜ የሚሸጡት ወንዶች ስለሆኑ» አለች፤ ይህንንም የተናገረችው ድምጿን ሳትቀንስ ነበር።

ቤቴ እስክደርስ በወንድሜ ተናደድኩ። ከዚያ ደግሞ በራሴ። ውፍረታቸው የተለያየ መርፌዎች መሳቢያዬ ውስጥ አሉ፤ ሴት ነው ወንድ ነው ብዬ መርጬ አላውቅም። የደም ሥሩን ዳስሼ ነው የማነሳው። ሽጉጥ ሲሆን ምን ነክቶኝ ነው በሰው ቃል የሄድኩት?

መደብሩ ከጀርባው መተኮሻ አዳራሽ አለው፤ ሽጉጥ ተከራይቶ መሞከር ይቻላል። ሦስት ቅዳሜ ተመላለስኩ። ቴክሳስ ያለ ፈቃድም መያዝ ይፈቅዳል፤ እኔ ግን ከመጠምጠም መማር ይቅደም ብዬ ትምህርቱንም ወሰድኩ። አስተማሪዋ ያችው ሴትዮ ናት። አፈሙዙ ልታጠፊው ወደማትፈልጊው ነገር አይዙር፤ ኢላማሽን ሳታዪ ጣትሽ ቃታው ላይ አይረፍ፤ ባዶ ነው የተባለ ሽጉጥ ሁሉ ጥይት እንደጎረሰ ይቆጠር። እነዚህን ሳታስደግመኝ አታስተኩሰኝም።

ትንሿን ተኮስኩ። አውራ ጣቴና አመልካች ጣቴ መካከል ያለው ቆዳ በጅራፍ እንደተመታ ተለበለበ፤ ወረቀቱን እንኳ አላገኘሁትም። በሳምንቱ ትልቁን ሞከርኩ። እሱ ረጋ ያለ ነው፤ ግን መያዣው ወፍራም ስለሆነ ጣቴ ቃታው ላይ የሚደርሰው በጫፉ ነው። በሦስተኛው ቅዳሜ መካከለኛውን አመጣችልኝ። ስጨብጠው እጄ ዝም አለ። በቀላሉ ተቀባበለልኝ፣ ቃታውም የጣቴ ማጠፊያ ሳይጨነቅ መጣልኝ። ከአሥሩ ጥይት ስምንቱ በአንድ መዳፍ ስፋት ውስጥ ገቡ። ደስ አለኝ። ደስታዬ ደግሞ አስደነገጠኝ፤ የሰው ሥጋ ለመብሳት የተሠራ ዕቃ ነውና። እኔም መብሳት ሥራዬ ነው፤ ግን በእኔ መርፌ ሰው አይሞትም። ሁለቱን ስሜት ይዤ ወጣሁ፤ እስከ ዛሬም አላስታረቅኳቸውም።

መካከለኛውን ገዛሁ። ወንድሜ ሲያየው «ይሄማ የወታደር ነው» አለ። «ማለቴ፣ ኦኬ፣ ገንዘቡ ያንቺ ነው።»

«ጋሼ፣ መጀመሪያ ትንሿን ሬንት አድርገህ ትራይ አድርጋትና እናወራለን» አልኩት። እስካሁን አላወራንም።

ሽጉጡ ተመረጠ፤ የት ይቀመጥ የሚለው ግን ከምርጫው ባሰ። ሴትዮዋ ከቀበቶ ጋር የሚታሰር አፎት አሳየችኝ። የእኔ የሥራ ሱሪ ግን በገመድ የሚቋጠር ስስ ነገር ነው፤ መስታወት ፊት ቆሜ ብሞክረው ሱሪው ከነሽጉጡ ወረደ። ሆስፒታሉም መሣሪያ አያስገባም፤ መኪናዬ ውስጥ በሚቆለፍ ሳጥን ትቼው ነው የምገባው። ስለዚህ ለብቻው ዚፕ ያለው የጎን ኪስ የተሠራለት ቦርሳ መረጥኩ፤ ኪሱ ውስጥም ቃታውን የሚሸፍን አፎት አለ። ሴትዮዋ መነጽሯን ከዓይኗ አወረደች። «ቦርሳ ሰውነትሽ አይደለም። አንቺ በሌለሽበት እሱ ይሄዳል» አለችኝ።

ቦርሳዬ ከትከሻዬ አይወርድም አልኳት። ያን ሁሉ የጠየቅኩ ሴት፣ የት ይሄዳል ብዬ ግን አልጠየቅኳትም።

ከዚያ በኋላ ያሉት ሳምንታት ደህና ነበሩ። ሠላሳውን እርምጃ መሮጥ ትቼ መራመድ ጀመርኩ። በሽተኞቼ ዘንድ ስደርስ ልቤ አብሮኝ ይደርሳል።

ፍልሰታ በተፈታ ሰሞን ጓደኛዬ እኔንና ሌሎች ወዳጆቿን ምሳ ጠራች። ግራንድ ፕሬሪ ነው የምትኖረው። ወደዚህ አገር በመጣሁበት ዓመት ሶፋዋ ላይ ሰባት ወር አስተኝታኛለች፤ አራት ዓመት የሆናት ልጇ አክስቴ ነው የምትለኝ። በር ከፍታ አንገቴን አቅፋ እየሳመችኝ፣ አንድ እጇ ቦርሳዬ ላይ ደረሰ። የእኛ ሰው እንግዳ ሲቀበል እንዲህ ነው፤ መሳሙ ሳያልቅ የያዝሽው ከእጅሽ ይወሰዳል።

«ስጪኝ እስቲ» አለችኝ።

ማንገቻውን ያዝ አደረግኩ። ገና መሳሟን ሳትጨርስ ዓይኗን ወደ እጄ አወረደች።

«ምነው፣ እኔ ቤት ሌባ አለ?» አለችና ሳቀች።

ከኋላዬ ሌሎች እንግዶች እየገቡ ነው። ሽጉጥ ይዣለሁ ማለት እችል ነበር። መኪና ውስጥ የረሳሁት አለ ብዬ መመለስም እችል ነበር። ሦስት ቅዳሜ የተማርኩት ሁሉ ጭንቅላቴ ውስጥ ተሰልፎ ቆሟል። እኔ ግን ቤትሽን አላምንም ያልኩ እንዳይመስልብኝ ብዬ ማንገቻውን ለቀቅኩት። ቦርሳዬን ይዛ ወደ መኝታ ቤት ሄደች፤ የሴቶች ቦርሳ ሁሉ በግብዣ ቀን እዚያ አልጋ ላይ ነው የሚከመረው።

ተቀመጥኩ። ሳህን ተሰጠኝ። ዶሮው እንዴት ነው ስባል ግሩም ነው አልኩ፤ ምን ምን እንደሚል ግን አላውቅም። አሁን ብነሳ ምን ይሉኛል፣ አንድ ጊዜ ልጉረስና ልነሳ፣ ይቺ ወሬዋን ትጨርስና ልነሳ እያልኩ ቆየሁ። ከዚያ ሳሎን ውስጥ ልጅ እንደሌለ አስተዋልኩ። እጄን ልታጠብ ብዬ ተነሳሁ።

ልጅቷ አልጋው ላይ ተንበርክካ ሱቅ ትጫወታለች። ቦርሳዎቹን ከግድግዳው ጥግ ደርድራ፣ ከየቦርሳው ያወጣችውን ከንፈር ቀለም፣ ቁልፍና ማበጠሪያ አንሶላው ላይ ዘርግታለች። የእኔ ቦርሳ ጭኗ ላይ ነው። ዋናው ኪስ ተከፍቷል። በሁለት እጇ የጎኑን ዚፕ ትስባለች፤ ጨርቅ ነክሶ ግማሽ ላይ ቆሟል።

ቀና ብላ አየችኝና «አክስቴ፣ ይሄ ስታክ ሆነ። ክፈቺልኝ» አለችኝ።

ቦርሳውን ከጭኗ ላይ አነሳሁት። ልጅቷ የሱቋን ዕቃ ስለወሰድኩባት አለቀሰች። እናትየው ከሳሎን «ምን ሆነች?» ስትል «ምንም» አልኩ። ሽጉጡን መኪናዬ ድረስ ወስጄ ሳጥኑ ውስጥ ቆለፍኩት፤ ተመልሼም ጎኗ ተቀምጬ የቀረውን በላሁ። ያን ምንም ያልኩትን ያህል ያፈርኩበት ቃል በሕይወቴ የለም።

ሰኞ ካሮልተን ሄጄ ቀበቶ የማይፈልግ፣ ወገብ ላይ የሚጠመጠም ሰፊ መቀነት ከነጠንካራ አፎቱ ገዛሁ። አሁን ሽጉጡ ወይ ሰውነቴ ላይ ነው፣ ወይ ሳጥን ውስጥ ተቆልፎ ነው፤ ሦስተኛ ቦታ የለውም።

ማክሰኞ ከሥራ ስወጣ በዚያው ወደ ግራንድ ፕሬሪ ነዳሁ። ጓደኛዬ ልብስ እያጣጠፈች ነበር፤ ልጅቷ ምንጣፉ ላይ ትሥላለች። ቁጭ ሳልል ነገርኳት። እጇ ፎጣው ላይ ቆመ።

«ጥይት ነበረው?» አለች።

ባዶ ነበር ብላት ታምነኝ ነበር። ሁለታችንም እናርፍ ነበር።

«ነበረው» አልኳት። «ተቀባብሎ ነበር።»

ልጅቷን ከምንጣፉ አንስታ፣ ለመታቀፍ ብታድግም አቀፈቻት።

«በር ላይ ለምን አልነገርሽኝም?»

«አፍሬ።»

«ከማን?»

«ካንቺ።»

ልጅቷ ልውረድ እያለች እግሯን ታወራጫለች፤ እናቷ አልለቀቀቻትም። «ሰባት ወር እኔ ቤት ተኝተሽ» አለችኝ፤ «እኔን አፍረሽ፣ ልጄን ልትገድዪ።»