ጅራት ያለው ሰልፍ

አየር ጤና የታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜ እንደ ልማዴ አፌን በላኝ። ከኋላዬ ለቆሙት እማማ፣ እንግሊዞች ሰልፍን «ኪው» የሚሉት ከፈረንሳይኛ ወስደው እንደሆነ፣ ፈረንሳዮችም ከላቲን እንዳመጡት፣ የጥንት ትርጉሙም ጅራት እንደነበር ማስረዳት ጀመርኩ።

«ላቲኑን እስቲ ድገምልኝ፤ ጮክ በል» አሉኝ።

እንዲህ የሚያዳምጠኝ ሰው አጋጥሞኝ አያውቅም! ጮክ ብዬ ደገምኩ። ከፊቴ የነበረው ጎረምሳ ጆሮውን እያሸ፣ «ወንድሜ፣ በጌታ፣ እናንተ እለፉ» አለ። አለፍን።

«ፈረንሳይኛውስ?» አሉ እማማ። ቀጣዮቹም አሳለፉን። በሩብ ሰዓት ውስጥ ታክሲ ላይ ነበርን። ደስ ብሎኝ ስለ «ታክሲ» ልጀምር ስል እጄን ያዝ አደረጉኝ።

«አሁንማ ገብተናል፣ ዝም በል ልጄ። ነገ ጠዋትም ቀጠሮ አለኝ፤ ሌላ ቃል ይዘህ ትመጣልኛለህ?»