ማለዳ የተንኳኳ በር

መጀመሪያ ያስተዋልኩት ሬዲዮውን ነው። እዚህ ስደት አገር፣ እትዬ እናናዬ ኦቤትስ ወዳለው፣ ዕቃ ወደምናሽግበት ዌርሃውስ በመኪናዋ ይዛኝ ስትሄድ፣ አማርኛ ልታወራኝ ስትል አስቀድማ የሬዲዮውን ድምፅ ከፍ ታደርጋለች። የአየር ሁኔታ ይሁን የምንጣፍ ማስታወቂያ ግድ የላትም። ከዚያ በታች፣ በለሆሳስ፣ የልደታ ሰፈር አማርኛዋን ታወራለች።

አንድ ቀን ለምን እንደሆነ ጠየቅኳት።

«የአስመራ አመል ነው» አለችኝ።

አስመራ የወላጆቿ አገር ናት፤ እሷ ተወልዳ ያደገችው አዲስ አበባ ነው። በዘጠና ዓ.ም. ሁለቱ አገሮች ሲዋጉ ፖሊሶች ማለዳ በራቸውን አንኳኩ። እናቷ «ለጥያቄ ነው» ስለተባሉ በነጠላ ጫማ ወጡ። የጫናቸው አውቶቡስ ያወረዳቸው ድንበር ላይ ነው፤ እናት፣ እናናዬና ታላቅ ወንድሟ አንድርያስ።

«አስመራ ስንገባ አቀባበሉን ብታዪ» አለች። «ጎረቤታችን ብርድ ልብስ ይዛ መጣች። አገሪቱ ገና ልጅ ነበረች፤ ሁሉም ሁሉን ያውቃል። ሰርግ ላይ እንኳ በአማርኛ ይዘፈን ነበር፣ ታምኛለሽ? ጦርነቱ አለቀና የሟቾቹ መርዶ በአንድ ሰሞን በየቤቱ ገባ። ከዚያ በኋላ አማርኛችን የገዳይ ቋንቋ ሆነ። ያቺ ጎረቤታችን ስታየን መንገድ ቀየረች። ልጇን ቀብራለች፣ ምን ልበላት? እኛም ቤት ውስጥ ሬዲዮ ከፍተን ማውራት ለመድን።»

«ወጣቶቹስ?»

«የምን ወጣት? ሁሉም ለውትድርና አገልግሎት ሄደ። ሰርግ ሚዜ አጥቶ ሽማግሌ ሚዜ ሲሆን አይቻለሁ፣ በከዘራ» ብላ ሳቀች። «አንድርያስም ለዓመት ከመንፈቅ ብሎ ሄዶ፣ ሳያገባ እዚያው ሸበተ።»

ባለፈው ሳምንት አንድርያስ ሞተ። የአክስቷ ልጅ ከአስመራ የነገረችው እዚህ ላለነው የአገር ልጆች ሁሉ ታላቅ ለሆኑት ለጋሼ ሙሳ ነው።

«ኮል አድርጋኝ አለቀሰች» አሉን። «እናናዬ አልሰማችም። መርዶ በስልክ አይሆንም። ማለዳ ሰብሰብ ብለን ሄደን እናርዳት።»

ወጉ ይኸው ስለሆነ ማንም አልተከራከረም። ጎህ ሳይቀድ አምስት ሆነን፣ ጥቁር ካፖርት ለብሰን፣ ፒከሪንግተን ካለው ቤቷ ደጃፍ ቆምን። ጋሼ ሙሳ አንኳኩ። ውስጥ መብራት በራ፤ ከዚያ ለረጅም ጊዜ ምንም አልተሰማም።

በሩ ሲከፈት ኮቷን ለብሳ፣ የጫማዋን ክር አጥብቃ አስራ፣ በእጇ ቦርሳ ይዛ ነበር። ዓይኗን መሬት ላይ እንደተከለች «አይ አም ሬዲ» አለች።

የተናገረችው ለእኛ አልነበረም። ያ ቦርሳ ከበሩ ኋላ ስንት ዓመት ተቀምጦ ይሆን?

«እናናዬ፣ እኛ ነን» አሉ ጋሼ ሙሳ።

ቀና አለች። «ጋሼ ሙሳ? ልትወስዱኝ… ፖሊሶች ሊወስዱኝ የመጡ መስሎኝ።»

ጋሼ ሙሳ መንገዱን ሙሉ ሲያሰናዱት የመጡት ቃል ጠፋባቸው። «የለም፣ እህቴ። መርዶ ነው።»

«መርዶ ነው?» ትከሻዋ ወረደ። «ተመስገን።»

መርዶ የሰማ ሰው ሲያመሰግን አይቼ አላውቅም። ቃሉ ከአፏ ከወጣ በኋላ እሷም ሰማችው መሰለኝ፣ ፊቷ ቀስ እያለ ተለወጠ።

«የማን?»

«የአንድርያስ።»

ቦርሳው ከእጇ ወደቀ። አፉ ተከፍቶ፣ ጠርዙ የተበላ ብርድ ልብስ ደፉ ላይ ተዘረጋ።

እጇን ያዝኳት። «እትዬ፣ ወደ ውስጥ እንግባ፤ ጎረቤት ይሰማል።»

«ይስማ» አለች።

እጇን ከእጄ አውጥታ፣ አልፋኝ ወደ መንገዱ ወረደች። ሁለት እጇን አናቷ ላይ ጭና በባዶው አስፋልት መሃል ትሄዳለች። ድምፅዋ እንዲህ ትልቅ መሆኑን አላውቅም ነበር።

«አንዱዬ፣ ሚዜ የሌለህ ሙሽራ… አንዱዬ…»

በግራና በቀኝ የሰው መስኮት እየበራ ይከተላታል። እሷ ግን ዞራ አላየችም፤ በአማርኛ እያለቀሰች ከእኔ ራቀች።